ለወፍራሙ ልብወለድ ዋስ የሆንኩ ዕለት

የዛሬ ሁለት ወር፣ እሁድ ከሰዓት... ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ አንድ አፓርትመንት ፓርቲ ሩም ውስጥ ዕጣ የያዘው ጣሳ ሲከፈት ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

ዕቁብ እንዳይመስላችሁ። የንባብ ማኅበር ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ተወልደ የሚባሉ ጡረተኛ አሉን፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ቤዝመንታቸው ወደ አማርኛ በተተረጎሙ የድሮ ልብወለዶች የተሞላ። «ምረጡ ብላችሁ ሁላችሁም ቀጭኗን ነው የምታነሱት፤ ስለዚህ ዕጣ ይምረጥላችሁ» አሉን።

መጽሐፎቹ ላይ ቁጥር ተለጠፈ፣ ቁጥሩና የሁላችንም ስም ጣሳ ውስጥ ገባ። ዕጣ የወጣለት ሰው የደረሰውን መጽሐፍ አንብቦ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ለሁላችንም ይተርካል። እኛ ደግሞ ከዕቁብ ሌላ የምናውቀው ሥርዓት የለምና ዳኛ መረጥን፣ ጸሐፊ መረጥን... አልፎ ተርፎ ዋስ ጠየቅን! ባለ ዕጣው ሳያነብ ከመጣ ዋሱ ይተርካል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ሕዝብ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ዕጣ ለዘሪሁን ወጣ። ዘሪሁን ፍሮግታውን ሰፈር ቢሮ ከፍቶ የሰው ታክስ የሚሞላ ወዳጄ ነው፤ የየትኛውም መጽሐፍ ስም ሲነሳ «እሱን ድሮ ነው ያነበብኩት» ባይ። የደረሰው ደግሞ ጡብ የሚያክለው የሩሲያ ልብወለድ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ዋስህን ጥራ» አሉት ዳኛው ጋሽ ተወልደ።

«ከድር አለልኝ!» ብሎ ትከሻዬን ያዘ።

እኔ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ። ሰው ፊት እምቢ ማለት አልችልም። ተነስቼ «ዋስ ነኝ» አልኩ... ተጨበጨበልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ዘሪሁን መጽሐፉን ይዞ ቤቴ መጣ። «ደንበኛ በዝቶብኛል፤ ቢሮ እንዳይጠፋብኝ አንተ ጋ ይቀመጥ» አይለኝም! አያ ጅቦ፣ ሳታማኻኝ ብላኝ።

ጉዴ ፈላ። የምሠራው ሻኮፒ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። በብሬክ ሰዓት ሰው ስልኩን ሲነካካ እኔ ጡቤን ገልጬ ቁጭ። አንዱ ሰው ሦስት ሦስት ስም አለው፤ ማን ማንን እንደሚጠላ እስክለይ አሳሬን በላሁ። ልጄ አየችኝና «ዳድ፣ ጀስት ዋች ዘ ሙቪ!» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ለብድር ዋስ የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ ለልብወለድ ዋስ የሆነ ግን አንተን አየሁ» ብላ ሳቀችብኝ።

ታዲያ ምን ልበላችሁ... መጽሐፉ ያዘኝ! ታሪኩ ውስጥ ቤቱ የተሸጠበት አንድ ሽማግሌ አለ። ከስንት ዘመን በኋላ በብርድ ተመልሶ መጥቶ፣ የገዛ በሩን እንደ እንግዳ ሲያንኳኳ ብሬክ ሩም ውስጥ አለቀስኩ። ሱፐርቫይዘሬ ደንግጦ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ... ይህን ታሪክ ለሰው መንገር። ለማን ልንገር? ልጄ አማርኛው ያልቅባታል፣ ባለቤቴ ከሥራ ስመለስ ተኝታለች። ዘሪሁን ሳያነብ መምጣቱ አይቀርም፣ እኔ እተርካለሁ ብዬ እሁድን እንደ ዒድ ጠበቅኩት።

ቅዳሜ ዕለት ዘሪሁን ራሱ ደወለልኝ። «እስቲ፣ መጽሐፉን እንዴት አየኸው?» ሲለኝ ጠያቂ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ለፈለፍኩለት... ማልቀሴን ሳይቀር! ሽማግሌው በሩን ሲያንኳኳ ላይ ስደርስ «በቃ በቃ፣ ደንበኛ መጣብኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እሁድ ዘሪሁን ሱፉን ግጥም አድርጎ መጣ። ቆመና የኔን ወሬ ቃል በቃል ይተርከው ጀመር። «ሽማግሌው በሩን ሲያንኳኳ፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ» ሲል ደሜ ፈላ። ቢሮው አንዲት ክፍል ናት፣ ብሬክ ሩም ከየት አመጣ? ሰውዬው እንባዬን ሰረቀኝ እኮ!

ሰው ሊያጨበጭብ ሲል ጋሽ ተወልደ እጃቸውን አነሱ።

«ኣታ ዘሪሁን... እና በሩን ከፈቱለት?»

ዘሪሁን ክራቫቱን ነካካ። «ያው... መጨረሻው ክፍት ነው። ለአንባቢ የተተወ ነው።»

ጋሽ ተወልደ ወደ እኔ ዞሩ። «ዋስ!»

ተነሳሁ። «ከፈቱለት» አልኩ። «አዲሱ ባለቤት ‹ግቡ አባቴ፣ ብርድ ነው› አላቸው። ሽማግሌው ግን ደጃፉ ላይ ቆመው ቤቱን አየት አየት አደረጉና... ‹ይቅርታ ልጄ፣ ቤት ተሳስቼ ነው› ብለው ሄዱ።»

ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ ተወልደ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን አልደብቃችሁም፣ ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ሚኒሶታ ከገባሁ ወዲህ ሰው እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም።

ነገሩ ስለጣመ በዚህ ወር አምስት ዕጣ ይውጣ ተባለ። ወጣ። አምስቱም ባለ ዕጣዎች «ዋስህን ጥራ» ሲባሉ ዞረው ያዩት እኔን ነው... ይሉኝታዬን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

ይኸው አሁን የአምስት ሰው ዋስ ሆኜ ጡብ በጡብ ላይ ደርድሬ እያነበብኩ ነው። ማኅበራችን ግን በከተማው ሐበሻ ዘንድ «እነሱ እኮ አንድ ሳይቀር አንባቢ ናቸው» ተብሎ ስሙ ገኗል አሉ።