የዝናብ ውሃ በጠርሙስ

ዶክተር ሶቲያሪን የመሰለ ሰው ዩኒቨርሲቲው ዳግመኛ አይልክልንም። ጭቃ አትጠየፍም፤ ከእኛ ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ ትበላለች፤ የማን ጉድጓድ የት እንዳለ ከእኛ ከራሳችን በላይ ታውቃለች። ሥራዋ እዚህ ሜኮንግ ወንዝ ዳር በጉድጓዶቻችን ውስጥ አርሰኒክ የሚባለውን መርዝ መለካት ነበር። ለክታ ዝም ማለት ግን አይሆንላትም። ሕዝቡ የሚጠጣውን ማወቅ አለበት ትላለች። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ጉዱን ያመጣብንም እሱው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የለካችው አሥር ጉድጓድ ብቻ ነበር። መንደርተኛውን በቡድሃ ቤተ መቅደሳችን በፓጎዳው ግቢ ሰብስባ ውጤቱን በየባለቤቱ ስም አነበበች። መርዝ የተገኘው በአንዱ፣ በእማማ ሳቮን ጉድጓድ ነው። እማማ ሳቮን ጠዋት ጠዋት የሩዝ ኑድል ይሸጡ ነበር። በማግስቱ ቅርጫታቸው እንደሞላ ተመለሰ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁርሴን ከሳቸው የገዛሁት እኔም በሌላ መንገድ ዞሬ አለፍኩ። ወር ሳይሞላ ምድጃቸውን አጥፍተው ሩቅ አገር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

በዓመቱ ዶክተሯ የቀሩትን ጉድጓዶች ልትለካ መጣችና ጠርሙስ የማደሉንና የመሰብሰቡን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ጎረቤቴ ፋሊ ጠርሙሷን ከደጇ ካለው የዝናብ ውሃ ጋን ስትሞላ ደረስኩባት።

«ከጉድጓዱ ነበር እኮ የተባልሽው» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ውሰጂ እቴ። ነገ ስሜ ፓጎዳ ይጠራልሽ?»

መቆጣት ነበረብኝ። ይልቅ ቤቴ ገብቼ የራሴንም ጠርሙስ ከጋኑ ሞላሁ። የሌሎቹንም ከየት ተቀዳ ሳልል ሰበሰብኩ።

ውጤቱ የሁላችንም ንጹሕ ሆነ። ሶቲያሪ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት እየሳቀች አነበበችው። በበጋ ጋኖቹ ሲደርቁ ከጉድጓዱ ቀዳን። ንጹሕ ነው ተብሏል እኮ እየተባባልን፣ የገዛ ውሸታችንን አምነን ጠጣን።

ከሰባት ዓመት በኋላ የባለቤቴ የሳምኦል መዳፍ እንደ ጥሬ በቆሎ የደረቀ እብጠት አወጣ። ሶቲያሪን አስጠራኋት። እጁን ይዛ ብዙ አየችው፤ የጉድጓዱ መርዝ መሆኑን መናገር አላስፈለጋትም። ያን ጊዜ የጋኑን ነገር አወጣሁት።

«እትዬ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«የእማማ ሳቮንን ስም ስትጠሪ ሰምተን ነዋ።»

የሳምኦልን እጅ ለቀቀች። «ስማቸውን ከመጥራቴ በፊት ቤታቸው ሄጄ ለብቻቸው ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ጥፋት ከሷ እንደሚብስ አውቀዋለሁ። እሷ ባለማወቅ ነው፤ እኔ ጠርሙሱን በእጄ ይዤ ነው።

ፊቷን ጠርጋ ወጣችና የጉድጓዳችንን ፓምፕ ራሷ ገፍታ አንድ ጠርሙስ ሞላች። እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቁጥር ብቻ ልጻፍበት፤ ስም አልጽፍም» አለች።

«ስሜን ጻፊው» አልኳት። «ፓጎዳም ጮክ ብለሽ አንብቢው። ጠርሙሱን ከጋን እንደሞላሁም ጨምረሽ ንገሪልኝ።»