የነዚፋ ትራክተርና የዐረፋ በጎች

ነዚፋ ትራክተር ገዛች ሲባል በጆርጂያዋ ዶራቪል ከተማ ውስጥ ያልሳቀ ሰው ቢኖር ወሬው ያልደረሰው ብቻ ነው። ትራክተሯ ደግሞ በስድሳዎቹ የተሠራች፣ ሰማያዊ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ከመነሳቷ በፊት ሦስት ጊዜ የምታስል አሮጊት ናት። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳው ባሏ ሸፊቅ እንኳ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይሄ ትራክተር ነው ወይስ ቅርስ?» አለ።

ሳቂዎቹ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ነዚፋ ዛሬ ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ መንገደኛ የምታመላልስ ሾፌር ትሁን እንጂ፣ በሃያ ዓመቷ አዋሽ ሸለቆ በአንድ የመንግሥት እርሻ ላይ ቤላሩስ የሚባለውን ትራክተር ትነዳ ነበር። ያኔ ስሟ ኦፕሬተር ነዚፋ ነው። ጧት ጧት ረዳቷ ከትራክተሩ ጎን ተንበርክኮ የዘይቱን ልክ ያይና ቀጥ ብሎ ቆሞ «ኦፕሬተር፣ ዘይቱ ሙሉ ነው» ካላላት ሞተር አይነሳም። የእርሻው ሕግ ነበር። ያን ቃል በሰማች ቁጥር ቁመቷ አንድ ስንዝር የጨመረ ይመስላት ነበር።

የወሎዬዎቹ ጀማዓ ከቡፎርድ ሃይዌይ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት መሬት ገዝቶ ነበር። ለዘንድሮው ዐረፋ አርባ በግ ታዘዘ፤ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ዒዱ ሰኞ ነው። በጎቹን የሚይዝ አጥር ግን የለም። አጥሩ ሠላሳ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ የጆርጂያን ቀይ አፈር በዶማ የሞከረ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይሞክርም። የጀማዓው ሰብሳቢ ሐጂ መንሱር ስብሰባው ላይ «መቆፈሪያ ማሽን ሬንት እናደርጋለን» ሲሉ፣ ነዚፋ ከሴቶቹ ወገን ብድግ አለች።

«ሐጂ፣ ሬንት አያድርጉ። የእኔ ትራክተር ትቆፍረዋለች።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐጂ መንሱር ግን አልሳቁም፤ ያ ደግሞ ከሳቁ ባሰ። «ነዚፋ፣ በጎቹ ደርሰው አጥር ካላገኙ መኪናው ይዟቸው ይመለሳል። የሦስት መቶ ሰው ዒድ ነው። ቃልሽን ትሰጪያለሽ?»

«ሰጥቻለሁ።»

ሸፊቅ ጫማውን እያየ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሃያ ወንድ መጣ። ሃያውም ሾፌር። የሾፌር ነገር ሆኖ እያንዳንዱ የትራክተሯን ኮፈን ከፍቶ፣ የሞተሩን ዘይት መለኪያ መዝዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ነክሮ፣ «ዘይቷ አሪፍ ነው» ሳይል አላለፈም። ሸፊቅማ ሁለት ጊዜ ነው ያየው። ነዚፋ በዘይት ግፊት የሚዞረውን ትልቅ መሰርሰሪያ ከትራክተሯ የኋላ ክንዶች ላይ አሰረች፤ ሁለቱን የጎማ ቱቦዎች ከሃይድሮሊኩ አፍ ሰካችና «ቢስሚላህ» ብላ እጀታውን ገፋች። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቱቦዎቹ ተወጠሩ፣ መሰርሰሪያው ዞረ፣ ቀዩ አፈር እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። የነዚፋ ልብ ከሞተሩ እኩል ይመታ ነበር።

«ቀስ አለ እኮ» አለ ሸፊቅ።

«የድሮ ፓምፕ ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ጥቂት በጥቂት ነው። ቀስ ይላል እንጂ አይለቅም።»

አልለቀቀም። እሷ ስትቆፍር ወንዶቹ ከኋላ ከኋላዋ እንጨት ይተክላሉ፣ ይጠቀጥቃሉ፣ ሽቦ ይወጥራሉ። እስከ ቀትር ድረስ አሥራ ዘጠኝ ጉድጓድ አለቀ። ጧት የሳቁት ሰዎች አሁን ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ይቀርጿታል፤ እሷም እንዳላየች ሆና ሻሿን አስተካከለች።

ሃያኛው ጉድጓድ ዳገቱ ላይ ነው። ትራክተሯ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ቆመች፣ መሰርሰሪያው አፈሩን ነካ፣ ወዲያው ከሆዷ ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ወጣ። መሰርሰሪያው ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሃያው ሾፌር ግር ብሎ መጣ፤ ኮፈን ተከፈተ፣ መለኪያው ተመዘዘ። «ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ፉል ነው!» አለ አንዱ። «እኔም አይቼዋለሁ» አለ ሌላው። ሐጂ መንሱር ሰዓታቸውን አዩ፤ ከሰባት አልፏል።

ነዚፋ አፈረች፣ ደነገጠችም። ወርዳ መዳፏን ቱቦው ላይ ጫነች። ቱቦው ይዘላል፤ ዘይት ብቻ ቢሆን እንዲህ አይዘልም። ፓምፑ አየር ነው የሚጠጣው! በቤላሩስ የሃይድሮሊኩ ዘይት የራሱ ጋን ነበረው። በዚህችኛዋ ላይ ጋኑን ፈልጋ ስታጣ፣ ሁሉም «ሙሉ ነው» ሲላት ጊዜ አምና ተወችው። ግን ይሄ ሁሉ ሰው ያየው የሞተሩን ዘይት ነው። ትራክተሯን ወደ ሜዳው መልሳ አጠፋቻት፣ ተንበርክካ ከኋላ ካምቢዮው ጎን አንዲት ቡሎን አገኘችና ፈታቻት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«የሃይድሮሊኩ ዘይት እዚህ ካምቢዮው ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለች። «ሜዳው ላይ የነበረችው ጥቂት ዘይት ዳገቱ ላይ ወደ ፊት ሸሸች፤ ፓምፑ ባዶ ቀረ። እርሻ ልማት እያለን ረዳቴ ተንበርክኮ አይቶ ‹ኦፕሬተር፣ ዘይቱ ሙሉ ነው› ካላለኝ ሞተር አላስነሳም ነበር። ዛሬ ረዳት የለኝም ብዬ ዘለልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሐጂ መንሱር ከበላይዋ ቆመው ይሰሟት ነበር።

የሸፊቅ ጓደኛ ገብረሕይወት፣ ዒዱ የእሱ ዒድ ባይሆንም የተበላሸ መኪና የሚጎትትበትን ቶው ትራኩን ይዞ ሊያግዝ የመጣ ሰው፣ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። «የቱን ዘይት ነው፣ እህቴ?»

«የትራክተር ሃይድሮሊክ ዘይት በላቸው። ሁለት ባልዲ።»

«አብሽሪ» አላት፣ ከወሎዬዎቹ በለመደው የማጽናኛ ቃል፣ እና አቧራውን አጭሶ ሄደ።

ስምንት ተኩል ላይ ተመለሰ። ዘይቱ በጎን ቀዳዳው እስኪፈስ ተሞላ፣ ቡሎኗ ጠበቀች፣ ነዚፋ ዳገቱን ወጣች። ጩኸት የለም። መሰርሰሪያው ቀይ አፈሩን ገመሰው፤ ነዚፋም ሳታስበው እልል አለች፣ ሃያ ሾፌር ተከተላት።

የበጎቹ መኪና ሲደርስ ሁለት ጉድጓድ ቀርቶ ነበር። ሾፌሩ መቆም አልችልም አለ። በጎቹ ወረዱ፣ ሃያው ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ በክፍቱ በኩል አጥር ሆነ፤ ሸፊቅ አንድ ሙክት ደረቱን ሲገጨው «ነዚፋ፣ ፍጠኚልኝ!» እያለ ይማጸናል። ነዚፋ ግን አልፈጠነችም፤ የትራክተሯን ልክ ታውቃለች። የመጨረሻው እንጨት ተተክሎ ሽቦው ሲወጠር አርባውም በግ ውስጥ ነበር።

እሑድ በማለዳ፣ ከሥራዋ በፊት፣ የበጎቹን ውኃ በትራክተሯ ልታመላልስ ስትመጣ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ከካምቢዮው ጎን ተንበርክኮ አየች። ሐጂ መንሱር ናቸው። ቡሎኗን ፈትተው ጣታቸውን ነከሩ፣ መልሰው አጠበቁ፣ በዘይት በተነካ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኦፕሬተር፣ ዘይቱ ሙሉ ነው።»

ነዚፋ ሻሿን አጠበቀች። ወንበሩ ላይ ወጣችና ሞተሩን አስነሳች።