በልጆቻቸው ትከሻ

መተማ ዮሐንስ ሥራ የጀመርኩበትን ቀን ሳስበው ዛሬም ይደንቀኛል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንቅስቃሴ አሠራለሁ። የመጀመሪያው ታካሚዬ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ግቢያቸው ስገባ አራት ወንዶች ልጆቻቸው ከነጠፍር አልጋቸው ተሸክመው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወስዷቸው ደረስኩ። ክው አልኩ።

"እግራቸው ምን ሆነ?"

"እግራቸውስ ደኅና ነው፤ ልባቸው ነው እንጂ" አለ ታላቁ ልጅ ከድር። "እኛ እያለን እንዴት አፈር ይረግጣሉ?"

የላከኝ ሐኪም የእግራቸው እብጠት እንደጎደለና ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው ነግሮኝ ነበር። ጭናቸውን ብዳስስ ጡንቻው ከመተኛት ብዛት ሰልሏል። ደሜ ፈላ። "ይነሱ!" ብላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ጮኹ፤ "ልትገድያቸው ነው እንዴ የመጣሽ?" ከድር በሩን አሳየኝ።

በማግስቱ ልጆቹ ሱቅ ሲሄዱ ጠብቄ ተመለስኩ። ሐጂ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሰው ተሸክሞኝ መስጊድ መግባት አንገቴን አስደፋኝ። አንድ ጁምዓ በእግሬ ልግባ።"

ወይዘሮ ዘሀራ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ በር የሚጠብቁልን እሳቸው ሆኑ።

ሥራችን ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነበር። ከአልጋው ጠርዝ መነሳት፣ መልሶ መቀመጥ፤ እየቆየ ክፍሉን መዞር። ልኬቴ ወሬ ነው፤ እየተራመዱ ስለ ጨርቅ ያወሩኛል፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ቃል ከተቆረጠባቸው ይቀመጣሉ። ቁርጭምጭሚታቸውን ተጭኜ የጣቴ ምልክት ጎድጉዶ ከቀረ፣ እብጠቱ ተመልሷል ማለት ነውና፣ እንቅስቃሴው ቀርቶ ለሐኪሙ እደውላለሁ።

አንድ ጁምዓ ልጆቹ አልጋውን ሊያነሱ ሲገቡ ባዶ ሆኖ አገኙት። ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የከድር ፊት አመድ መሰለ።

"አባባ! ጎረቤት ምን ይለናል? አራት ወንድ ወልደው በእግራቸው ሄዱ ይበለን?"

"ይበላችሁ!" ብለው ወጡ።

እኔ ከጎናቸው ሆንኩ። እየሄዱ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ እያረፉ፣ እንደገና እየተነሱ። ልጆቹ ግን ምናልባት ቢወድቁ ብለው ባዶውን አልጋ ተሸክመው ተከተሉን! አንድ ባለሱቅ ባዶውን አልጋ አይቶ ሬሳ ሊያነሱ የሚሄዱ መስሎት እየሮጠ ወጣ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፤ እኔ ኢድሪስ ነኝ፣ መስጊድ እየሄድኩ ነው" አሉ ሐጂ እየተራመዱ። ቃላቸው አልተቆረጠም።

ለአዲስ ባልደረቦቼ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ታማሚ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ማን እንደተሸከመው እዩ፤ ሥራችሁ ከእሱ ይጀምራል።