ሳያልቅ የቀረው የፒያኖ ፈተና

ሙዚቃ ኮሌጅ የገባሁ ዕለት በእጄ የያዝኩት የአባባን አሮጌ ክላርኔት ነበር። አባባ፣ ሃምሳ አለቃ ተሰማ፣ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ክላርኔት ነፊ ነበሩ። ኖታ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ኮልፌ ባለችው ጭቃ ቤታችን፣ የእንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጠውኝ። ክላርኔት ነፍቼ የመግቢያ ፈተናውን አለፍኩ። ሌላ የሚያስፈራ ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።

በዚያው ቀን አዲስ ገቢዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ሰበሰቡን። የፒያኖ ክፍል ኃላፊዋ የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ ማዳም ነበር የምንላቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይስቁ ሴት ናቸው።

«ዋና መሣሪያችሁ ምንም ይሁን ምን» አሉ፣ «የፒያኖ ብቃት ፈተና ሳያልፍ ዲፕሎማ የሚወስድ ሰው የለም። ነገ መምህር ትሆናላችሁ። የልጆች መዝሙር ማጀብ የማይችል የሙዚቃ መምህር ምን ያደርጋል?»

ትክክል ነበሩ። ዛሬም ትክክል ናቸው እላለሁ። ያልነገሩን፣ ፒያኖውን ከየት እንደምናመጣው ነው።

ከዚያ ቀን በፊት ፒያኖ ነክቼ አላውቅም። ክዳኑ ሲከፈት ነጩና ጥቁሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፎ ሳየው፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚነካ ግራ ገባኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሂሩት የምትባል ልጅ ሳቀችና መነሻውን ድምፅ፣ መሃለኛውን «ዶ»፣ በጣቷ አሳየችኝ። የትልቅ ባለሥልጣን ልጅ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅሁት።

የመለማመጃ ፒያኖዎች ጥቂት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ዋና መሣሪያቸው ፒያኖ የሆነ ተማሪዎች ይይዟቸዋል። ለኛ ለነፊዎቹና ለመቺዎቹ የምትተርፈው የምሳ ሰዓት ናት። እሷንም ተሻምተን ነው፤ ለኔ ብዙም አትደርሰኝም። አንዳንዱ ፒያኖ ስትጫኚው ቁልፉ ተቀርቅሮ አይመለስም፤ በጥፍር ፈልቅቀሽ ታነሺዋለሽ።

ፈተናው የታወቀ ነበር። ድምፆቹን በተራ የምንወጣባቸውና የምንወርድባቸው ስኬሎች በሁለት እጅ፣ መዝሙር ማጀብና ያንኑ መዝሙር ወደ ሌላ ቃና አዛውሮ መጫወት፣ አይተን የማናውቀውን ኖታ እዚያው ማንበብ፣ በመጨረሻም አንድ የተጠና ሥራ። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ እንፈተናለን። የወደቀ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገምለታል።

አባባ ነገሩን ሰምተው ዝም አላሉም። ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ የሚሲዮን ጸሎት ቤት ነበረች። ጠባቂዋ ከከምባታ የመጡ ወንጌላዊ ነበሩ፤ አቶ ሎምባሞ ይባላሉ። እዚያ ውስጥ በእግር እየተረገጠ የሚጮህ ኦርጋን አለ። አባባ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወሰዱኝ።

«ልጄ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪ ናት» አሉ። «ስብከት ልትሰማ አልመጣችም። ጣቷን ልታፍታታ ነው።»

«ትምጣ፣ ሃምሳ አለቃ» አሉ አቶ ሎምባሞ። «ከእሑድ እሑድ ዘግቼው አይጥ ነው የሚጫወትበት።»

የተቸገርኩት ከቤት ነበር። እማማ ነጠላዋን አጣፍታ አባባ ፊት ቆመች። «ልጄን ፀረ ማርያም ሊያደርጓት ነው?» አለች። አባባ «ኖታ ሃይማኖት የለውም» ብለው መለሱ። እማማ አልተቀበለችውም፤ ለንስሐ አባታችን ነገረች፤ እሳቸውም ገሠጹኝ። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። አንዷ እንስራዋን ከእንስራዬ አራቀች። ቢሆንም መሄዴን አልተውኩም።

ከኮሌጅ ስመለስ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቷ ነበር የምሄደው። ስኬሎቹን ያዝኩ። መዝሙሮቹን ያዝኩ። የአቶ ሎምባሞ ሚስት በር ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ትለኛለች። እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። የእግር ኦርጋን በነፋስ ነው የሚጮኸው። ቁልፉን በቀስታ ብትነኪው፣ በጡጫ ብትመቺው ድምፁ ያው ነው። ፒያኖ ግን ውስጡ መዶሻ አለው፤ የጣትሽን ክብደት ይሰማል፤ ቀስ ስትይ ይለሰልሳል፣ ስትጨክኚ ይጮኻል። ኦርጋን ላይ የኖረ እጅ አንጓው ይደርቃል፤ ሁሉንም እኩል ይጫናል። ይህን አላወቅሁም ነበር። አባባም አላወቁም፤ እሳቸው የሚያውቁት ትንፋሽ ነው።

የፈተናው ቀን ከሂሩት ቀጥዬ ገባሁ። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ማዳም፣ ዳይሬክተሩና አንድ የቫዮሊን መምህር። ስኬሎቹን ሳልሳሳት ጨረስኩ። ዳይሬክተሩ ፈገግ አሉ። መዝሙሩን አጀብኩ። ያላየሁትን ኖታም አነበብኩ። የተጠናውን ሥራ ጀምሬ መሃሉ ላይ ስደርስ ማዳም እጃቸውን አነሡ።

«የት ነው የምትለማመጂው?»

«ሰፈራችን፣ ጸሎት ቤት፤ ኦርጋን ላይ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ፣ ማዳም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «መለማመዱንስ ተለማምደሻል» አሉ። «የተለማመድሽው ግን ስህተቱን ነው። ኖታው ሁሉ ትክክል ነው። እጅሽ ግን ፒያኖ አያውቅም። ምንም ያልነካ እጅ ቢመጣልኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወደቅሁ። ሂሩት አለፈች። «እኔ እኮ እማዬ እየቆነጠጠችኝ ነው የምለማመደው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ቤታቸው ፒያኖ ስላለ ሳትፈልግም ተማረችው።

ለአባባ ስነግራቸው የደንብ ልብሳቸውን ቁልፎች በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ማዳም ያሉትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡት። «እኔ ነኝ እዚያ የወሰድኩሽ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ስለ ፒያኖ አላነሡም። እማማ እንኳን «ብዬ ነበር» አላለችም።

ሂሩት ልቧ ጥሩ ነበር። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ነዪ» አለችኝ። ሄድኩ። ፒያኖው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ላዩ በፎቶግራፍ የተሞላ ነበር። ሂሩት ፎቶዎቹን አንሥታ ክዳኑን ትከፍትልኛለች። ከዚያ መዳፏን ከእጄ አንጓ ሥር ታደርግና «ጣይው፤ እጅሽን እኔ ላይ ጣይው» ትለኛለች። መጀመሪያ አልገባኝም። እጄ እንደ አጠና ግትር ብሎ ይቀራል። ብዙ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ክንዴ በራሱ ክብደት ወረደ፤ ድምፁም ለሰለሰ። ሁለታችንም ጮህን። በሙዚቃ ሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ የሂሩት እናት፣ ወይዘሮ አልማዝ፣ ከእንግዶቻቸው ጋር ገቡ። ከወንበሩ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ ሂሩትን እያዩ።

«ጓደኛዬ ናት፣ እማዬ። ከኮሌጅ።»

«ሰፈርሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ኮልፌ ነው፣ እመቤቴ።»

«ኮልፌ!» አሉ አንዷ እንግዳ። «ከዚያ ድረስ ፒያኖ ለመንካት?» ሳቁ። ወይዘሮ አልማዝም አብረው ሳቁና «በይ እስቲ የተማርሽውን አሰሚን» አሉ።

ለፈተና የማጠናውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወትኩላቸው። ቀስ ማለት ባለበት ቀስ አልኩ፣ መጮህ ባለበት አስጮህኩት። ስጨርስ ያቺው እንግዳ «ኧረ ከሂሩትም ትበልጣለች!» አሉ። አሁን የሳቀ ሰው የለም። ወይዘሮ አልማዝ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ፒያኖው ላይ መለሱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቱን ብቻ አወጣ። «ፒያኖው ተበላሽቷል፣ ይጠገናል ብለዋል እመቤቲቱ። እስኪጠሩሽ አትምጪ።»

ሲናገር ከውስጥ ስኬል ይሰማኛል። የሂሩት አጨዋወት ነው፤ አራተኛ ጣቷ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቸኩላለች። ዘበኛውም ይሰማዋል። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኔም አመስግኜው ተመለስኩ።

ሰኞ ኮሌጅ ውስጥ ሂሩት እንዳላየችኝ ሆና አለፈች። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው።

ማዳም ነገሩን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። አስጠርተው «ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር የአዳራሹን ፒያኖ ተጠቀሚ፤ የኮሌጁ ዘበኛ ይከፍትልሻል» አሉኝ። የመጀመሪያውን አውቶቡስ እየተሳፈርኩ፣ ብዙ ጊዜ ቁርስ ሳልበላ፣ እስከ ፈተናው ድረስ እዚያ ተለማመድኩ።

ያ ጊዜ የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነበር። በሰሜን ሰው በረሃብ ያልቃል ይባል ነበር፤ በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ ነው፤ ዛሬ ተዘጋ፣ ነገ ተከፈተ ሲባል ይከርማል። ኮሌጃችን ግን ፈተናውን አላራዘመም። ሁለተኛው ፈተናዬ ደረሰ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ስኬሎቹን ተጫወትኩ። መዝሙሩን አጀብኩ፤ ከ«ፋ» ቃና ወደ «ሬ» አዛውሪው አሉኝ፣ አዛወርኩት። ማዳም ወደ ዳይሬክተሩ ዘንበል ብለው «እጇ ተፈታ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። የቀረኝ ያላየሁትን ኖታ ማንበብና የተጠናው ሥራ ነበር። ማዳም ኖታውን ፊቴ ዘረጉ።

ከግቢው ጩኸት መጣ። በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ፊት የገባው ግርማ ነበር፣ ከኛው ኮሌጅ ትራምፔት የሚማር፤ ባንድ ክፍል አብረን ኖታ የቀዳን ልጅ።

«ወገን በረሃብ እያለቀ አንቺ ለነጮች ፒያኖ ትመቺያለሽ?» አለኝ። «ተነሺ! ትምህርት የለም!»

«ግርማ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ልጨርስና እወጣለሁ።»

«ለአድኃሪ ሙዚቃ የሚጠበቅ ጊዜ የለም!»

አጠገቡ የነበረው ልጅ የፒያኖውን ክዳን ጠረቀመው። ጣቶቼን ያወጣሁት ለጥቂት ነው። ዳይሬክተሩ በጎን በር ወጡ። ማዳም ወረቀቶቻቸውን ሰበሰቡና በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ትምህርት ሲከፈት እንጨርሳለን» አሉ።

ግርማ ስለ ረሃቡ የተናገረው እውነት ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሐሰት ቢሆን መልስ እሰጠው ነበር። የሃምሳ አለቃ ልጅ ነኝ፣ ፒያኖ የነካሁት ለምኜ ነው፣ ዛሬም ጾሜን ነው የመጣሁት እንዳልለው፣ ያ ሁሉ በረሃብ ከሚያልቅ ሰው ጎን ምን ይባላል? ተነሥቼ ወጣሁ።

ኮሌጁ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ሲከፈት ማዳም አልነበሩም። ውላቸው አልቆ አገራቸው ገብተዋል። ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ግማሹን ተፈትኛለሁ። እርስዎም ነበሩ።»

«ነበርኩ። ጥሩ ተጫውተሻል።»

«ታዲያ የቀረውን ልጨርስ።»

«ማን ይፈትንሻል? ግማሽ ፈተና ፈተና አይደለም፣ ልጄ። አዲስ መምህር ሲቀጠር ነዪ።»

«እርስዎ ኖታ ያነባሉ። እርስዎ ይፈትኑኝ።»

«እኔ የአስተዳደር ሰው ነኝ» አሉና የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፍተው አንድ ነገር የሚፈልጉ መሰሉ። የሚፈልጉት እኔ እንድወጣ ነበር።

ደጋግሜ ሄድኩ። መምህር አልተቀጠረም። ቀጥሎ መንግሥቱ ራሱ ተለወጠ፤ ዳይሬክተሩም ተነሡ። በእሳቸው ወንበር የተቀመጡት ሰው ስለ ፈተናዬ ሲሰሙ «የትኛው ፈተና?» አሉኝ።

ያለ ዲፕሎማ፣ በረዳት የሙዚቃ መምህርነት ተመደብኩ። ጡረታ እስክወጣ ረዳት እንደሆንኩ ኖርኩ። ዕድገት በወጣ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ የፒያኖ ብቃት ፈተና አልተሟላም። ከሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች ፒያኖ የነበረው አንድም የለም። ልጆቹን ያዘመርኳቸው በክላርኔት ድምፅ እየሰጠሁ፣ በእጄ እያጨበጨብኩ ነው።

አባባ እስኪሞቱ ድረስ፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኝ ነበር። «አዲስ መምህር ተቀጠረ?» ይላሉ። «ገና ነው፣ አባባ» እላለሁ።

አሁን ለምታስተምሩ የምለው ይህ ነው። እጇ የደረቀ ተማሪ ስትመጣላችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደምትለማመድ አትጠይቋት። ምን ላይ እንደምትለማመድ ጠይቋት፤ እሱንም ፈተናው ክፍል ውስጥ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት። ፈተና ካስጀመራችኋት ደግሞ በዚያው ቀን አስጨርሷት።