የጋራዡ ሰዎች ጉርድ ፎቶ

ሊይዙኝ የመጡት ለሙሽሮች መብራት ሳስተካክል ነው። ሦስት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃ አንግተው ገቡ። አንደኛው ከደረት ኪሱ ትንሽ ጉርድ ፎቶ አወጣና ጀርባውን አሳየኝ።

“ይሄ ማኅተም የማነው?”

“የፎቶ ቤቴ ነው።”

“ልጁንስ ታውቀዋለህ?” አለና ፎቶውን ገለበጠልኝ።

ፊቱን አስታወስኩት። ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን እየተኛ ያስቸገረኝ ወጣት ነበር። “ለመታወቂያ ብሎ ተነሥቷል። ስሙን አላውቅም” አልኩ።

“እዚያ ስትደርስ ታስታውሰዋለህ።”

ሙሽራውን ይቅርታ ጠየቅሁት። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ሹራቤን አቀበለችኝ።

ፎቶ ቤቴ ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብሎ መንገዱ ዳር ላይ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር። ክርስትና የተነሣ ሕፃን ይመጣል፣ ለመታወቂያ የሚነሣ ተማሪ ይመጣል፣ ደመወዝ የወጣ ሰሞን የፋብሪካ ሠራተኞች ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ። አንዳንዴም ፋብሪካዎቹ ሳሙናቸውንና ጨርቃቸውን ለማስታወቂያ እንዳነሣላቸው ያስጠሩኛል። ሳሙና አያስቸግርም፤ ዓይኑን አይጨፍንም። እኔ ግን የምወደው ሰው ማንሳት ነው።

የወሰዱኝ ወደ አንድ የተወረሰ ቪላ ነው። ቤቱ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሆኗል፤ ጋራዡ ደግሞ እስር ቤት። የብረቱ በር ሲከፈት የሞተር ዘይትና የላብ ሽታ ፊቴን መታኝ። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት የሰዎቹን እግር ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጉልበታቸውን አቅፈው የተደረደሩ ሰዎች ታዩኝ። ከመካከላቸው አንዱ ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ከቢሮ ወንበራቸው ላይ ነው አንሥተው ያመጧቸው። ጠጋ አሉልኝ።

“ና፣ እዚህ ጋ ሲሚንቶው ያን ያህል አይቀዘቅዝም” አሉኝ።

በማግሥቱ መርማሪዎቹ ስለ ልጁ ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው፤ የማውቀው ደግሞ የፀጉሩን ነገር ብቻ ነበር። ከምርመራው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ግድግዳ ሳልይዝ መራመድ አልቻልኩም። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሌላ ቀን ነው።

አንድ ጠዋት የከፍተኛው ካድሬ ራሱ በሩ ላይ ቆመ።

“ፎቶ አንሺው የትኛው ነው?”

ተነሣሁ።

“የሁሉም ፋይል ላይ ፎቶ ይለጠፋል። ካሜራህን እናስመጣልሃለን። ዛሬ አንሥተህ፣ ነገ አጥበህ ታስረክባለህ።”

በሩ ተዘጋ። ከጎኔ አንድ ግንበኛ ነበር። ከሲዳሞ ለሥራ መጥቶ፣ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ከነመጽሐፍ ቅዱሱ የተያዘ ጴንጤ ነው።

“ጋሼ፣ ፎቶ የሚያነሡን ሊወስዱን ነው ይላሉ። እውነት ነው?”

“አላውቅም። ባውቅ እነግርህ ነበር።”

ትንሽ አሰበ። “እንግዲያው አሳምረው ያንሡኝ። በሕይወቴ ፎቶ ተነሥቼ አላውቅም።”

ይሄኔ ሽማግሌው ተነሥተው ኮታቸውን አወለቁ። አራገፉት፤ አቧራው በበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን ላይ ቦነነ። “ሁላችሁም ይህን ለብሳችሁ ተነሡ” አሉ። ነጋዴ የነበረ አንድ ጎልማሳ “ለእኔ ይጠበኛል” ቢላቸው፣ “አትቆልፈዋ!” አሉት።

እኔም የድርሻዬን ሞከርኩ። ዘበኛው ቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ፣ ጎልመስ ያለ ሰው ነው። “ውኃ ያስፈልገናል። ፊታቸው ካልታጠበ ፎቶው ላይ አይለዩም፤ ኋላ እኔም አንተም እንጠየቃለን” አልኩት። ግማሹ ውሸት ነው። እሱ ግን አንድ ባልዲ ውኃ አመጣ። ሰዎቹ ፊታቸውን ታጥበው ፀጉራቸውን በጣታቸው ሲያበጥሩ ካየ በኋላ ደግሞ ከኪሱ የራሱን ሚዶ አውጥቶ ሰጠን።

አግዳሚ ወንበሩን ከጋራዡ ግድግዳ ጥላ ሥር አስቀመጥኩ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ያለውን የኖራ ግንብ መትታ ስትመለስ ለስለስ ያለ ብርሃን ትሰጣለች፤ ፎቶ ቤቴ ውስጥ በሁለት አምፖል እንኳን እንደዚያ ያለ ብርሃን አላገኝም። ካሜራዬን ከመቆሚያው ላይ አሰርኩት። እጄ ሥራውን አልረሳም ነበር።

አንድ በአንድ እየወጡ ተቀመጡ። ኮቱ ለሰፋበት ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ መቆንጠጫ አምጥቼ ከጀርባው ያዝኩለት። ለደንበኞቼ የምለውን ሁሉ አልኳቸው። “አገጭህን ዝቅ። ትከሻህን ላላ አድርግ። አሁን የምትወደውን ሰው አስብ።” ነጋዴው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። “ጉርድ ነው፣ እጅህ አይታይም፤ እንደፈለገ ይደንስ” ስለው ሳቀ። ወረፋ የቆሙትም ሳቁ። በዚያ ግቢ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ግንበኛው ሲቀመጥ ግን ጭንቅ ብሎት እንደ ሐውልት ደረቀ።

“ማንን ታስባለህ?” አልኩት።

“እናቴን።”

“አሁን በበሩ ብትገባ ምን ትልሃለች?”

“‘ከሳህ’ ነው የምትለኝ” አለና ፊቱ ፈታ አለ። ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ።

በማግሥቱ ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ፣ እኔን ከፊት አስቀድሞ ወደ ገዛ ፎቶ ቤቴ ወሰደኝ። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት አላለቀሰችም። ካየችኝ በኋላ እግሬን ብቻ ረዘም አድርጋ አየችው።

“ደህና ነህ?”

“ደህና ነኝ። ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት።”

ዘበኛው አልለይህም ብሎ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ ገባ። ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ቀዩን አምፖል አብርቼ ማተም ጀመርኩ። ነጩን ወረቀት ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ስነክረው ዘበኛው አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። መጀመሪያ ፀጉር መጣ፤ ቀጥሎ ዓይን፣ ቀጥሎ ያ ፈታ ያለ አፍ።

“እንዴ! እየመጣ ነው እኮ!” አለ። “ግንበኛው! ይሄ ግንበኛው አይደል?”

“እሱ ነው።”

ሌላ ወረቀት አንሥቼ ያንኑ ፊት ደገምኩት። የሽማግሌውንም ሁለት ሁለት አደረግሁ። የነጋዴውንም እንደዚያው።

“ለፋይሉ አንድ አንድ ነው የተባለው” አለ ዘበኛው ቀስ ብሎ።

መዋሸት ይቻል ነበር፤ “አንዱ ተበላሽቶ ነው” ማለት ይቻላል። ግን የትናንቱ ሳቅ ደፋር ሳያደርገኝ አልቀረም።

“እናቶቻቸው በር ላይ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ‘እዚህ የለም’ ተብለው ይመለሳሉ። አንተም ታያቸዋለህ። መኖራቸውን ይወቁ” አልኩት።

ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛውሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

“እኔ ጨለማ ውስጥ አይታየኝም” አለ።

ትርፎቹን ፎቶዎች ከጀርባቸው ስም ጽፌ ለባለቤቴ እቃ ማጠቢያው ሥር ትቼላት ሄድኩ። አይታ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንቅ ታመጣበት የነበረውን ዘንቢል ይዛ በሩ ላይ ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር እየተቀመጠች፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ለየቤተሰባቸው አደረሰች። የግንበኛውን ወደ ሲዳሞ ለሚሄዱ የእምነት ወንድሞቹ ሰጠች። በሳምንቱ፣ ቤተሰቦቹ ‘የለም’ ቢባሉም አንመለስም ስላሉ፣ ተረስተናል ብለው ለቆረጡ ሰዎች ስንቅ መግባት ጀመረ። ሽማግሌው ከልጃቸው የመጣላቸውን የታጠበ ሸሚዝ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

ከዚያ በፊት ግን፣ ፎቶዎቹን ያስረከብኩ ዕለት፣ ካድሬው ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አያቸው። ግንባሩ ተቋጠረ።

“ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት ነው ያላቸው?”

“አንድ ኮት ነው ጓድ። ተዋውሰውት ነው።”

“ሙሽራ አስመሰልካቸው እኮ! እስረኛ እስረኛ ይምሰል። እንደገና ታነሣቸዋለህ። ሳይታጠቡ፣ ሳይበጠሩ፣ በተቀመጡበት!”

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ሰዎቹ ታጥበው፣ ተበጥረው፣ አንዱ የሌላውን ኮሌታ ሲያቀና ታየኝ። ያንን ማፍረስ አልሆንልህ አለኝ።

“ጓድ፣ እኔ እንደዚያ አድርጌ ሰው አንሥቼ አላውቅም። የሚያነሣ ሌላ ሰው ካለ ካሜራዬን እሰጠዋለሁ። እኔ ግን አላነሣም።”

አየኝ። ከፎቶዎቹ አንዱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ውጣ” አለኝ።

ቀኑን ሙሉ እስክጠራ ጠበቅሁ። አልተጠራሁም። ፎቶዎቹም እንደነበሩ ፋይላቸው ላይ ተለጠፉ።

ክረምቱ ሳያልቅ ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ። አብዛኞቹ ጓደኞቼም እየቆዩ ወጡ። ነጋዴውን ግን አንድ ቀን ጠርተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ልጆቹ ያን ጉርድ ፎቶ አስፍቼ እንዳትምላቸው መጡ፤ ገንዘብ አልተቀበልኳቸውም። ሳሎናቸው ውስጥ ሊስቅ ሲል የተያዘ፣ ደህና ሰው ሆኖ ተሰቅሏል።

አሁን ለቡ መብራት ኃይል ልጄ ቤት ነው የምኖረው። ዓይኔ ደክሟል፤ ፎቶ ቤቱም ለሌላ ሰው ተላልፏል። ብዙ ዘመን በሠራሁት ሥራ ደስ ያለኝ ቀን የትኛው እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ የዚያን ግቢ ቀን እናገራለሁ። ይደነግጣሉ። በቀደም ልጄም፣ “አባዬ፣ እውነት አልፈራህም ነበር?” አለችኝ።

“ፈርቼ ነበር” አልኳት። “ግን ብርሃኑ ያምር ነበር፤ ሰዎቹም ደህና አድርገው ተቀምጠውልኝ ነበር።”