ወደ ጅዳ የላክሁት ድምፅ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃን መጨረሻ ክፍል፣ ጨርሳ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «አክስቴ፣ ያንቺ ሥራ ሳላሪው ፖዋ ነው አይደል? እኔም እሱን ላጥና እንዴ?» እኔ በጽሑፍ መለስኩላት፤ «አዎ፣ ጥሩ ይከፍላል።» የድምፅ መልእክት አልልክም። ቤተሰቡ ኩራት ይመስለዋል፤ ይምሰለው።

በሷ ዕድሜ እኔ አስተማሪ መሆን ነበር የምፈልገው። እናቴ በሰው አገር፣ ኢስትሊ ሰፈር ሱቋ ውስጥ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ድህነት ናፍቆሽ ነው?» አለችኝ። ሐኪም ቤት የሠራ ሰው አያጣም ይባል ነበር በሰፈሩ። እኔም አሰብኩና አልትራሳውንድ መረጥኩ። ደም የለበት፣ መርፌ የለበት፤ ሆድ ላይ ቅባት ቀብቶ ስክሪን ማየት ነው። የሚያስለቅሰውን ዶክተሩ ይናገር፣ እኔ ደመወዜን ልብላ! ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ደመወዙ እውነትም ጥሩ ነው፤ ካሳራኒ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እናቴን ከሱቅ አሳርፌያታለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲትን የሞያሌ ነጋዴ ወንድማቸው ይዟቸው መጣ። ጉበታቸው ላይ ያለውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ አይቼም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ሥራዬ ነው። በማግስቱ ግን ዶክተሩ አስጠራኝ። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ አማርኛ የምችል ደግሞ በሆስፒታሉ እኔ ብቻ ነኝ። ወንድማቸው ላስተርጉም ቢል ዶክተሩ እምቢ ብሏል። «ዘመድ ይደብቃል» አለኝ።

ገና በሩን ሳንገባ ወንድምየው ክንዴን ያዘ። «እህቴ፣ በእናትሽ፣ ክፉውን እንዳትነግሪያት። ሰው እኮ በድንጋጤ ይሞታል። እኛ ዘንድ ለበሽተኛ አይነገርም፣ ታውቂ የለ?» እንዴት አላውቅም! አባቴን «ጨጓራ ነው» እያልነው አይደል የቀበርነው።

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ተናገረ። ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል፣ የቀራቸው ጥቂት ወራት ነው፣ ማየት የሚፈልጉት ሰው ካለ አሁን ይምጣ። እኔ ወደ እሳቸው ዞርኩና፣ «ጉበትዎ ትንሽ ቆስሏል፤ መድኃኒቱን ከወሰዱ ይሻልዎታል» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቁኝ። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ኮንትራቷ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀረዋል። «ታመምሽ ብለውኛል፣ ጥዬ ልምጣ እያለች ነው። ካቋረጠች ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ። ትምጣ ወይስ ትጨርስ?»

ወንድምየው ወለሉን ያያል። ዶክተሩ ምን እንደምንባባል አያውቅም፣ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

«ትጨርስ» አልኩ።

«እንግዲያው ራስሽ ንገሪልኝ፣ እኔን አታምነኝም።» ስልካቸውን አወጡና የድምፅ መልእክት መቅጃውን ተጭነው፣ «ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ይኸው ሐኪሟ ትንገርሽ» ብለው ወደ አፌ አስጠጉት። ሐኪም አይደለሁም። «እህቴ፣ አታስቢ፣ እናትሽ ደህና ናቸው» አልኩ። «ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ነይ።» ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ።

ሦስት ወር አልሞላቸውም። ወንድምየው ደውሎ ማረፋቸውን ነገረኝ፤ «ሳትጨነቅ ሄደች» ብሎ አመሰገነኝም። ልጅቷስ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኜ «እናትሽ ደህና ናቸው» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ይመጣል፣ በገዛ ድምፄ።

ልጅቷ በዓመቱ መጣች። ከክፍሌ በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ጥቁር ሂጃብ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቁርጥ የእናቷ ነው፤ ገና ሳያት አወቅኋት። ብድግ ብላ፣ «ይቅርታ፣ ለእናቴ ያስተረጎመች አማርኛ የምትችል ሠራተኛ ነበረች» አለችኝ። «እሷን ፈልጌ ነበር።»

ወይ ፈሪነቴ! «እሷ እንኳን ለቃለች» አልኳት። «ከሄደች ቆየች።»

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ግን አልከፈተችውም።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ከእናቴ ድምፅ የቀረኝ ያ የላከችልኝ መልእክት ብቻ ነው። እሷን ልስማ ብዬ በከፈትኩ ቁጥር አንቺም አለሽ።»