ሃያ ስምንት ያልኩበት ፈተና

ገና ጡት ሳልጥል ክራንቻዎቼን ቆፍረው አወጡብኝ። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። ተቅማጥ ይዞኝ ነበር አሉ። ድዴ ነጣ ብሎ ሲያብጥ «ትል ነው» ተባለና የሰፈሩ አዋቂ በጋለ ወስፌ ነቅሎ ጣለው። ትል አልነበረም፤ ያልበቀለ ጥርስ ነበር፤ ከሥሩ ያለውንም ቋሚ ጥርስ ይዞት ወጣ። በአገሬ ይህ ያልደረሰበት ልጅ አላውቅም። ስለዚህ የጎደለኝ ነገር እንዳለ ሳላውቅ ጎለመስኩ።

ያወቅሁት አሰብ ነው፤ ያውም ተስቆብኝ።

ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው፣ ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው፤ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ መምህር ከሥራ መልስ ያስተምረን ነበር። የወደቡ ክሊኒክ ለጥርስ ሐኪሙ ረዳት ሊያሠለጥን ፈለገና ማንበብ የሚችል ሁሉ በቃል ይፈተን ተባለ። ተመዘገብኩ። ወገቤ አልቆ ነበር፤ ከጆንያ የሚያወጣኝ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

መጽሐፍ የለም። መምህሩ ስለ ወተት ጥርስ፣ ስለ ጥርስ ሥርና ስለ ጠንካራው የላይ ልባሱ የሚያውቀውን ነገረኝና «የቀረውን ከሰው አፍ ተማር» አለኝ። ቀትር ላይ፣ ብረቱ እጅ ሲያቃጥል፣ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር እንጋደም ነበር። የሥራ ጓደኞቼ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ ተራ በተራ አፋቸውን ይከፍቱልኛል።

«ቁጠር እንጂ፣ ዝንብ ሊገባብኝ ነው!»

«ዝም በል አንተ! እያወራህ እንዴት ልቁጠር?»

«ሽታውንም ይጠይቁሃል እኮ፤ በደንብ አጥና!»

ያን ሳቅ ዛሬም እናፍቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቀልኝ ሰው የለም፣ የሳቀብኝ እንጂ። የሁሉንም ቆጠርኩ፤ የራሴንም በምላሴ ቆጠርኩ። ሁላችንም ሃያ ስምንት።

በፈተናው ቀን ጣሊያኑ የጥርስ ሐኪም «አዋቂ ሰው ስንት ጥርስ አለው?» አለኝ።

«ሃያ ስምንት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ክራንቻስ?»

«እሱማ የውሻ ነው፣ ዶቶሬ።»

ተፈታኙ ሁሉ አውካካ። ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ ሲያይ ሳቁን ዋጠው፤ ግን አላሳለፈኝም። «ሂድ፣ ሙሉ አፍ ፈልገህ ቁጠርና ተመለስ» አለኝ።

ከየመን ተሻግሮ የመጣ ዓሣ ሻጭ ነበር፤ ሲስቅ ጥርሱ ከሩቅ ይታያል። ሄድኩበት።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ እስቲ አፍህን ክፈትልኝ።»

«ወላሂ አብደሃል! መጀመሪያ ዓሣ ግዛ!»

ገዛሁ። ከፈተልኝ። ከመካከል ወደ ጥግ፦ ሁለት መቁረጫ፣ አንድ ክራንቻ፣ ሁለት ትንንሽ መንጋጋ፣ ሦስት ትልልቅ መንጋጋ። ስምንት። አራቱም ማዕዘን እንዲሁ ነው፤ ሠላሳ ሁለት። ጣቴን ክራንቻው ላይ እንዳኖርኩ ቀረሁ። ሹል፣ ጠንካራ፣ ሥጋ ለመቦጨቅ የተፈጠረ ነገር ነው። ለእኔም ተሰጥቶኝ ነበር። «በቃህ፣ ገበያዬን አባረርክ» ብሎ እጄን ገፋው።

ተመልሼ ስፈተን አንድም አልሳትኩም።

«ሕፃን ስንት የወተት ጥርስ አለው?»

«ሃያ።»

«የላይኛው ትልቅ መንጋጋ ስንት ሥር አለው?»

«ሦስት። የታችኛው ሁለት።»

«የጥርስ ልባስ ቢበላ መልሶ ይበቅላል?»

«ከአጥንት ይጠነክራል፤ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ነው፣ ዶቶሬ።»

ሐኪሙ አጠገቡ ወደቆመችው ነርስ ዞሮ «ለዚህ ሰውዬ ነጭ ካፖርት ፈልጊለት» አላት። ካፖርቱን የለበስኩት ሚያዝያ 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው።